ዛቢያው ስንት ይሁን? የአንድ ቶማሃውክ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ረፋድ

የቶማሃውኩን፣ የዚህችን ትንሽ የእጅ መጥረቢያ፣ ብረት ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 560 ግራም ነው። ከስለቱ እስከ ጀርባው 15 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ስለቱ ራሱ 8 ሴንቲሜትር ነው። ጀርባው ጠፍጣፋ ስለሆነ ካስማ ለመምታትም ያገለግላል።

ዛቢያ የያዝኩት ሁለት ነው። ሁለቱም ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት፣ ሁለቱም 48 ሴንቲሜትር። አንዱ 212 ግራም ይመዝናል፣ ሌላው 209። ለቶማሃውክ ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዛቢያ ብዙ ጊዜ በዚሁ ልክ፣ ማለትም በ19 ኢንች ይመጣል። ይህ ልክ ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ሻጩ ረዘም አድርጎ ይሰጣል፣ የሚያሳጥረው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ የዚህ ማስታወሻ ጥያቄ አጭር ነው። ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? ከተቆረጠስ የት ላይ? እንጨት አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ስለዚህ መጋዙ ለጊዜው ከመሳቢያው አይወጣም።

መጀመሪያ እንጨቶቹን ማየት ይቀድማል። ሂከሪ ለመጥረቢያ ዛቢያ የሚመረጠው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ምት ሲያርፍበት ትንሽ ይለመጥና ይመለሳል፤ ደረቅ ብሎ አይሰበርም። ዋናው ግን መስመሩ፣ ማለትም የእንጨቱ ቃጫ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። መስመሩ ሰያፍ ሄዶ በጎን በኩል ከወጣ፣ እንጨቱ አንድ ቀን የሚሰነጠቀው በዚያው መስመር ነው።

212 ግራም የሚመዝነው ዛቢያ ጥሩ ነው። መስመሩን በእርሳስ ተከተልኩት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወረደ። 209 ግራሙ ደግሞ ከላይ ሲታይ እንከን የለውም። ታች ሲደርስ ግን መስመሩ ወደ ጎን ይታጠፋል። እጥፋቱ የሚጀምረው ከታችኛው ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ላይ ነው። በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። ይህ ምልክት ኋላ ላይ ሥራ ይኖረዋል።

ሥራውንም ከአሁኑ ልወስን። ለእሳት ማቀጣጠያ ቀጫጭን እንጨት መፍለጥ፣ ቅርንጫፍ መመልመል፣ አልፎ አልፎ ብረቱን ከሥሩ ጨብጦ እንጨት መጥረብ። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ መዋል። እና፣ አዎ፣ ውርወራ። ውርወራው ከሌሎቹ ጋር እንደሚጣላ ከወዲሁ ይታየኛል።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ብረቱን ከዛቢያው ጋር የማስማማት ሥራ። እዚህ ላይ ቶማሃውክ ከተለመደው መጥረቢያ ይለያል። በተለመደው መጥረቢያ ዛቢያው ከታች ወደ ላይ ይገባና ጫፉ ተሰንጥቆ ሽብልቅ ይመታበታል። በቶማሃውክ ሽብልቅ የለም። ዛቢያው ከላይ ወፍራም፣ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ ነው። ቀጭኑ ጫፍ በብረቱ ቀዳዳ ከላይ ይገባል፣ ብረቱ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ወፍራሙ ጋ ሲደርስ ይጣበቃል። በሰነዘራችሁ ቁጥር ብረቱ ወደ ውጭ መሸሽ ስለሚፈልግ የበለጠ ይጠብቃል።

ይህ አሠራር የመጣው ከኑሮ ነው። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ቶማሃውክ መጀመሪያ ድንጋይና እንጨት ነበር። የአውሮፓ ነጋዴዎች የብረቱን ካመጡ በኋላ ተፈላጊው ብረቱ ሆነ። ዛቢያ ቢሰበር ጫካ ውስጥ ሌላ እንጨት ቆርጦ፣ በቢላ ሾጠጥ አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ሽብልቅ አያስፈልግም፣ ሚስማር አያስፈልግም። ለእኔ ሙከራም የሚመቸው ይህ ነው፤ ዛቢያ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ልኩን ለማወቅ የቀዳዳውን ውስጠኛ ግድግዳ በከሰል ቀባሁት። ዛቢያውን አስገብቼ አጠበቅኩት፣ መልሼ አወጣሁት። እንጨቱ ላይ ጥቁር የሆነው ቦታ ብቻ ነው ብረቱን የሚነካው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጠባብ ጥቁር ነጥቦች ብቻ ታዩ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ይህ ማለት ብረቱ በሁለት ነጥብ ብቻ ተይዞ ጎንና ጎኑ ባዶ ነው። እነዚያን ነጥቦች በሞረድ በስሱ ፋቅኳቸው። እንደገና ከሰል፣ እንደገና ማስገባት፣ እንደገና መፋቅ። ጥቁሩ እየሰፋ ሄዶ ዙሪያውን ቀለበት ሲሠራ አቆምኩ። የዛቢያው ጫፍ ከብረቱ በላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ብቅ ብሏል። ያንን አልቆርጠውም። እንጨቱ ከጊዜ በኋላ ሲሟሽሽ ብረቱ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል።

አጠባበቁን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር አለ። በተለመደው መጥረቢያ የዛቢያውን ታችኛ ጫፍ ጉቶ ላይ ስትነርቱት ብረቱ ይጠብቃል። ቶማሃውክን እንደዚያ ካደረጋችሁት ይላቀቃል። ለማጥበቅ ዘቅዝቃችሁ፣ ብረቱን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ የዛቢያውን አናት ነው እንጨት ላይ የምትነርቱት። ዛቢያው ይቆማል፣ ብረቱ በራሱ ክብደት ወደ ወፍራሙ ይወርዳል። ለማውጣት ደግሞ ተቃራኒው። የላላ ብረት ውኃ ውስጥ መንከር የሚባለውን ምክር ተዉት። እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ስለሚይዘው መስፋት አቅቶት ውስጡ ይጨፈለቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሚዛን። ብረቱ ከታች ተነስቶ ዛቢያውን በሙሉ አልፎ ስለሚሄድ፣ ዛቢያው ከቀዳዳው የሚወፍር ቦታ ሊኖረው አይችልም። የተለመደ መጥረቢያ ከታች ያለው እብጠት፣ እጅ እንዳያመልጥ የሚይዘው፣ እዚህ የለም። ስለዚህ ከታች እንጨት ጨምሮ ሚዛን ማስተካከል አይቻልም። መቀነስ ብቻ ነው የሚቻለው። ወይ ከርዝመት፣ ወይ ከውፍረት።

እሁድ

የሚዛን ነጥብ። በ212 ግራሙ ዛቢያ አድርጌ፣ በአንድ ጣት ላይ ከላይ ወደ ታች እያንሸራተትኩ ፈለግኩት። ከዛቢያው አናት 8.4 ሴንቲሜትር ላይ ቆመ። ከብረቱ ሥር አራት ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው።

ከዚያ ወረቀት ላይ ስሌት። ዛቢያው በየሴንቲሜትሩ 4.4 ግራም ይመዝናል። 8 ሴንቲሜትር ብቆርጥ፣ 40 ላይ ባደርሰው፣ የሚቀንሰው 35 ግራም ነው። የሚዛን ነጥቡ ደግሞ ከ8.4 ወደ 6.7 ይመጣል። በጣት ላይ ሲታይ ይሄ ምንም ነው። ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም።

የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። ስለ ሚዛን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በጣት ላይ ስለሚገኘው ነጥብ ነው። መሣሪያው ግን ጣት ላይ ተኝቶ አይሠራም። የእጅ አንጓ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ብረቱ ከጭብጡ ምን ያህል ይርቃል የሚለው። ያም ርቀት በራሱ ተባዝቶ ነው የሚሰማው። የጭብጤን መሃል ከታችኛው ጫፍ 8 ሴንቲሜትር ላይ ካደረግኩ፣ በ48ቱ ዛቢያ ከጭብጤ እስከ ብረቱ መሃል 37.5 ሴንቲሜትር ነው። በ40ው 29.5 ይሆናል። ሁለቱን በራሳቸው አባዝታችሁ ብታነጻጽሩ፣ አጭሩን ለማስነሳትና ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በ38 በመቶ ያንሳል። የቀነስኩት እንጨት 35 ግራም ነው፤ እጄ ላይ የሚሰማኝ ግን ሌላ መሣሪያ ነው።

ጉዳዩ ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነልኝ። ርዝመትና ሚዛን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አይደሉም። በቀጭን ዛቢያ ላይ ከባድ ብረት ሲኖር፣ ሚዛኑን የሚወስነው ርዝመቱ ነው።

በሌላ በኩል ማሳጠር በነፃ አይገኝም። እጄ በተመሳሳይ ፍጥነት ከዞረ፣ የአጭሩ ብረት ፍጥነት ያንሳል። የምቱ ጉልበትም በዚያው 38 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አጭሩን ፈጠን አድርጎ በመሰንዘር ከፊሉን ማካካስ ይቻላል። ሙሉውን ግን አይደለም።

እሁድ፣ ማታ

የውዝዋዜ ሙከራ። ይህንን ከሁሉም እወደዋለሁ፤ ሰዓት እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም።

ዛቢያውን ልይዝ የማስብበት ቦታ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ላላ አድርጌ ቆነጠጥኩት። ብረቱ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በስሱ ገፋ አድርጌ እንዲወዛወዝ ለቀቅኩት። ሄዶ መመለሱን አንድ ብዬ እየቆጠርኩ የ10 ምልልስ ጊዜ ያዝኩ። 12.1 ሴኮንድ። አንዱ ምልልስ 1.21 ሴኮንድ ነው።

አሁን ይህንን ቁጥር በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ25 አባዙት። 36.6 ይመጣል። ይህ በሴንቲሜትር ነው። ከጣቶቼ ተነስታችሁ ይህን ያህል ወደ ብረቱ ስትለኩ የምትደርሱበት ቦታ፣ ምት ቢያርፍበት እጅ ላይ ንዝረት የማይመልስ ቦታ ነው። ምቱ ከዚያ ቦታ በላይ ወይም በታች ካረፈ ዛቢያው እጅ ውስጥ ይነዝራል። በ48ቱ ዛቢያ የብረቱ መሃል 37.5 ላይ ነው። ልዩነቱ አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ጥሩ ነው።

ለ40 ሴንቲሜትርም አስልቼ አየሁት። በዚያ ርዝመት አንዱ ምልልስ 1.09 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል፣ ንዝረት የሌለበት ቦታም ከሞላ ጎደል ብረቱ መሃል ላይ ያርፋል። ስለዚህ በንዝረት በኩል ሁለቱም ያልፋሉ። ይህ የሚሆነው አብዛኛው ክብደት ብረቱ ላይ ስለሆነ ነው። ዛቢያው ከባድና ወፍራም ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ወደ እጅ ይወርድ ነበር። ወፍራም ዛቢያ ያለው ቀላል መጥረቢያ እጅ የሚያሳምመው በከፊል ለዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ማታ

የሙከራ ዛቢያዎች። ከአሽ እንጨት ትራፊ የ44 እና የ40 ሴንቲሜትር ዛቢያ ጠረብኩ። አሽ ከሂከሪ ትንሽ ቀለል ይላል፤ ለሙከራ ግን ይበቃል። ማሳመር አያስፈልግም። ቀዳዳው ጋ የሚገባው ልክ ከሆነ፣ ሌላው ሻካራ ቢሆንም ችግር የለውም።

ዛቢያ ሳይቆርጡ ከፍ አድርጎ በመያዝ ብቻ መሞከር ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከእጅ በታች የሚቀረው ጭራ ክብደት አለው። ብረቱን በሌላው ጎን ይመዝናል። ስለዚህ ረጅሙን ከፍ አድርጎ መያዝና አጭሩን መያዝ አንድ አይደሉም። ረጅሙ ሁልጊዜ የተረጋጋ ይመስላል።

ሦስቱንም እያፈራረቅኩ ማቀጣጠያ ፈለጥኩ። ምን ተሰማኝ?

48ቱ ይወድቃል። ማለትም ጉልበት አልሰጠውም፣ ከፍ አድርጌ ልቀቀው ብቻ ነው የሚለኝ። ደረቅ እንጨት በአንድ ምት ይከፈላል። ቀጭን እንጨት ላይ ስለቱን ልክ ማሳረፍ ግን ያስቸግራል፤ ብረቱ ሩቅ ስለሆነ የእጅ አንጓ ትንሽ ስትዞር ስለቱ ብዙ ይዞራል። ጥቂት ከሠራሁበት በኋላ ደግሞ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ በታች ባለው ጡንቻ፣ ይታወቀኝ ጀመር።

40ው እጅ ውስጥ ይገባል። የምፈልገው ቦታ ላይ ያርፋል። ግን መግፋት አለብኝ። ጠንከር ያለ እንጨት ላይ ስለቱ ገብቶ ይቆማል፣ አይከፍልም። ሌላም አለ፣ ይሄኛው የደህንነት ነው። ቆማችሁ ስትሰነዝሩ ምቱ ቢስት፣ ረጅም ዛቢያ ያለው ብረት የሚዞርበትን ቀስት ሳይጨርስ መሬት ወይም ጉቶ ያገኛል። የአጭሩ ቀስት ግን ወደ ራሳችሁ ይታጠፋል። የሚያገኘው ጉልበታችሁን ወይም ቅልጥማችሁን ነው። አጭር መሣሪያ ትንሽ ስለሚመስል ይናቃል፤ በዚህ በኩል ግን ከረጅሙ ይልቅ እሱ ነው የሚፈራው። በአጭር ዛቢያ ስትፈልጡ ተንበርከኩ፣ ከፊታችሁም ጉቶ ይኑር።

44ቱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ይፈልጣል፣ ይታዘዛልም። በስሌት ከ48ቱ ጋር ሲነጻጸር ለእጅ በ20 በመቶ ይቀላል።

ቀጥሎ የጥረባ አያያዝ። ብረቱን ከሥሩ፣ ጣቶቼ ብረቱን እስኪነኩ ድረስ ከፍ ብዬ ጨበጥኩ። እዚህ ላይ የጣቱ ነጥብ ዋጋ አለው፤ ሚዛኑ ጭብጥ ውስጥ ከወደቀ ስለቱ ወደ ታች አያዘነብልም፣ እጅም ስለቱን በመደገፍ አይደክምም። ርዝመት እዚህ ይረዳል፣ ጭራው ይመዝናልና። በ48ቱ ሚዛኑ በትክክል ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ መካከል ነው። ችግሩ ያው ጭራ ክንዴን ይመታል፣ ጎንበስ ስል ሆዴን ይወጋል። በ40ው ምንም አይነካኝም፣ ብረቱ ግን ትንሽ ያዘነብላል። 44ቱ እዚህም መሃል ላይ ነው።

ቀበቶ ላይ ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 48ቱ ስቀመጥ ወንበሩን ይመታል። ስሄድ ጭኔን ይደልቃል። 44ቱን ስራመድ ረሳሁት።

ሐሙስ

በስሱ ስለ አሮጌ ቶማሃውኮች አነበብኩ፤ የድሮዎቹ ምን ያህል ይረዝሙ ነበር የሚለው ማወቅ ደስ ይላል። የጥንቱን ልክ እንዳለ መገልበጥ ግን ያሳስታል። ሰው ሁሉ በሥዕል የሚያውቀው ረጅምና ቀጭን ዛቢያ ያለው ቶማሃውክ አብዛኛውን ጊዜ የፒፓ ቶማሃውክ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነበር። ጀርባው ላይ የትምባሆ ጽዋ አለው፣ ዛቢያው ውስጡ ክፍት ነው፣ ጭሱ በዛቢያው ይሳባል። የስጦታና የዲፕሎማሲ ዕቃ ሆኖም አገልግሏል። እዚያ ላይ ርዝመቱን የሚወስነው መፍለጥ ብቻ አይደለም። ጭሱ እስኪቀዘቅዝ የሚጓዝበት መንገድም ይፈለጋል።

በእግር የሚሄድ ሰው የሚይዘው ሌላ ነው። በሰሜን አሜሪካ ለእንግሊዝ ይዋጋ የነበረው መኮንን ሮበርት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1757 ለሬንጀሮቹ፣ ማለትም ጫካ ለጫካ ለሚዘምቱት ቃኚ ወታደሮቹ፣ ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ሰው ጠመንጃ፣ ለ60 ተኩስ የሚበቃ ባሩድና ጥይት፣ እና አንዲት ትንሽ መጥረቢያ ይዞ እንዲገኝ ያዛል። በ1775 ደግሞ በእንግሊዝ ላይ የተነሱት የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ጉባኤ፣ የአህጉራዊው ኮንግረስ፣ የሚሊሺያ ወታደር ከጠመንጃው ጋር ጎራዴ ወይም ቶማሃውክ እንዲኖረው መክሯል። ይህ ሁሉ ቀን ሙሉ ወገብ ላይ የሚዋል ዕቃ ነው። ርዝመቱ በቀበቶ ይወሰናል። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ፒተር ላጋና ቬትናም ለዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች የሠራው ቶማሃውክም አጭር የሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ውርወራ። ዒላማው የወፍራም ግንድ ቁራጭ ነው፤ ክብ ፊቱ ወደ እኔ ዞሯል። በዚያ በኩል ስለቱ በእንጨቱ መስመሮች መካከል ስለሚገባ ግንዱ ይይዘዋል። በጎኑ ቢሆን ነጥሮ ይመለሳል። ከኋላና ከጎን ሰው የለም። ይሄ የማይታለፍ ነው፤ የነጠረ ብረት የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ቶማሃውክ ከእጅ ወጥቶ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ነው ስለቱ የሚገባው። በተለመደው ርዝመት ይህ የሚሆነው ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ነው። ረጅም ዛቢያ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ስለዚህ ራቅ ማለት ይጠይቃል። አጭሩ ቶሎ ይዞራል። ርቀቱ ልክ ካልሆነ ራሱ ይነግራችኋል። የዛቢያው ጭራ ዒላማውን ቀድሞ ከመታ ዙሩ አልሞላም፣ ወደ ኋላ ሂዱ። የብረቱ አናት ከመታና ዛቢያው ወደ ላይ ከተነሳ ዙሩ አልፏል፣ ወደ ፊት ኑ። ክንዳችሁን አትቀይሩ፣ እግራችሁን ቀይሩ።

48ቱ እዚህ ንጉሥ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚዞር የእጄን ስህተት ይታገሳል። አለቃቀቄ በትንሹ ቢለይም ስለቱ ይገባል። 40ው ግን በአንድ ስንዝር ልዩነት ብቻ ይስታል። 44ቱ ይገባል፣ ትኩረት ግን ይፈልጋል። እና እንደጠረጠርኩት፣ ውርወራው ከሌላው ሥራ ጋር ተጣላ። ለመወርወር ረጅሙን፣ ለመሥራት መካከለኛውን።

ደግነቱ ዛቢያው ሁለት ነው። ቶማሃውክ ይህን ስለሚፈቅድ መደራደር አያስፈልግም። ያ መስመሩ ቀጥ ያለው 212 ግራም ዛቢያ በ48 ይቀመጥና ለውርወራ ይሁን። የተወረወረ መሣሪያ ዛቢያ ብዙ ዱላ ስለሚቀምስ ጥሩው እንጨት ለእሱ ይገባል። ብረቱ በሽብልቅ ስላልታሰረም፣ ክፉኛ ሲመታ ትንሽ ይላቀቅና ዛቢያው ይተርፋል። እያጠበቁ መቀጠል ነው።

ቅዳሜ

መጋዙ ወጣ። የሚቆረጠው 209 ግራሙ ነው። እጄ 44 ይላል። ከታች 5 ሴንቲሜትር ላይ ያለው የእርሳስ ምልክት ደግሞ 43 ይላል። ያ ወደ ጎን የሚታጠፈው መስመር እንዲወገድ 5 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። በአንድ ሴንቲሜትር አልከራከርም። 43።

ከመቁረጤ በፊት ምልክቱ ላይ ፕላስተር ዙሪያውን ጠመጠምኩ። መጋዙ ሲወጣ እንጨቱን እንዳይቦጭቀው ይይዘዋል። ዛቢያውን ሞርሳ ላይ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መሃል አሰርኩት። ቆረጥኩ። የተቆረጠውን ፊት አየሁት፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጠርዙን ዙሪያውን በሞረድ አለዘብኩት። ስለት ያለው ጠርዝ ከተተወ፣ ዛቢያው ወድቆ ድንጋይ ሲመታ ከዚያ ነው መላጥ የሚጀምረው።

አሁን ዛቢያው 187 ግራም፣ ጠቅላላው 747 ግራም ነው። ሚዛኑ ከአናቱ 7.3 ሴንቲሜትር ላይ። ከ48ቱ ጋር ሲነጻጸር ለእጅ በሩብ ይቀላል። አስር ምልልስ 11.4 ሴኮንድ።

ቀጥሎ ውፍረት። ከየት መፋቅ እንዳለበት ማሰብ ይገባል፤ ቦታው ሚዛኑን ይለውጣል። ከታች፣ ጭብጡ አካባቢ 10 ግራም ብታነሱ ሚዛኑ በ4 ሚሊሜትር ወደ ብረቱ ይሄዳል። ከብረቱ ሥር ያንኑ 10 ግራም ብታነሱ የሚዛኑ ነጥብ ምንም አይነቃነቅም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዛቢያው የሚሰበረው እዚያ ነውና ያንን ቦታ አትንኩ። እኔ የፈለግኩት መሃሉን ነው። ከብረቱ ሥር አንድ ጭብጥ ያህል ትቼ፣ ከታች ደግሞ መያዣውን ትቼ፣ መሃሉን ግራና ቀኝ በስሱ ፋቅኩት። መሃሉ ሲቀጥን ትንሽ ይለመጣል፣ ንዝረቱን ይበላል።

ሞረዱ ሻካራ አድርጎ ተወው፤ ከዚያ በመስታወት ስባሪ ፋቅኩት። የሂከሪ ፍቅፋቂ ረጅም ሆኖ ይጠቀለላል። መስታወቱ መላጨቱን ትቶ አቧራ ማውጣት ሲጀምር ደንዝዟልና ሌላ ስባሪ። ቅርጹ ሞላላ እንጂ ክብ እንዳይሆን ዓይኔን ጨፍኜ እየጨበጥኩ አየሁት። ሞላላ ከሆነ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ሳታዩ እጃችሁ ያውቀዋል። ክብ ዛቢያ ይህን አይነግራችሁም፤ በጨለማ ወይም በድካም ጊዜ ልዩነቱ ይታያል።

በመጨረሻ የብርጭቆ ወረቀት፣ ግን ብዙም ሳላለሰልስ። እንደ መስታወት ያበራ ዛቢያ ላብ ባለው እጅ ውስጥ ይሸሻል። 12 ግራም ወርዷል። ጠቅላላው 735፣ ሚዛኑ 7 ሴንቲሜትር ላይ።

እሁድ

የተልባ ዘይት። በስሱ፣ በጨርቅ። ጥቂት ጠብቄ ያልገባውን ትርፍ ጠረግኩ። በዘይት ላይ ዘይት መደራረብ ጥሩ ይመስላል፤ ያልጠጣው ዘይት ግን ላዩ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል አልቀባሁትም፤ እዚያ የምፈልገው መያዝ ነው፣ መንሸራተት አይደለም። የተቆረጠው የታችኛው ፊት ግን ከሌላው ይበልጥ ይጠጣል፣ እሱን ደጋግሜ ቀባሁት።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ሙቀቱን ይዞ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። እኔ ዘርግቼ ደጅ ሰቀልኩት፣ ሲደርቅ ይጣላል።

የቀረው የስለቱ ሰገባና ከብረቱ ሥር ያለው የቆዳ ጥምጥም ነው። ጥምጥሙ ምት ሲስት ዛቢያውን ከእንጨቱ ጠርዝ ይጠብቃል። እሱ የሚጠመጠመው ብረቱ ቦታው ከገባ በኋላ ብቻ ነው፣ አስቀድሞ ከታሰረ ብረቱን አያሳልፍም። ዛቢያ በቀየርኩ ቁጥር መፈታት ስላለበት በማጣበቂያ ሳይሆን በክር አስረዋለሁ። ቆዳው 2 ሚሊሜትር ነው፤ ለሁለቱም ዛቢያ የሚበቃ ቆርጬ አስቀምጫለሁ።